ካንሰርን በረሃብ መግደል ይቻላል? ስለ ጾም፣ ስለ ምግብና ስለ ካንሰር ሕክምና

ካንሰር እንዳለበት የተነገረው ሰው ቀድመው ከሚመጡበት ጥያቄዎች አንዱ «ከእንግዲህ ምን ልብላ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ይገባኛል። መድኃኒቱን የሚመርጠው ሐኪሙ ነው። ጨረሩን የሚለካው ባለሙያው ነው። ወደ አፍ የሚገባው ነገር ግን በታማሚው እጅ ነው። ሌላው ሁሉ ከእጅ ሲወጣ የቀረውን አጥብቆ መያዝ የሰው ባሕርይ ነው።

ችግሩ መልሱ ከየአቅጣጫው መጉረፉ ነው። አንዱ «ስኳር ካንሰርን ይመግባል፣ እርግፍ አድርገህ ተው» ይላል። ሌላው «ሦስት ቀን ጹም፣ ካንሰሩ ተርቦ ይሞታል» ይላል። ቤተሰብ ደግሞ «ካልበላህ አትድንም» እያለ ሳህን ያቀርባል። ሐኪሙ ወረፋው ስለሚያጣድፈው «የፈለግከውን ብላ» ብሎ ያልፋል። ታማሚው መሃል ላይ ግራ ተጋብቶ ይቀራል። ለዚህ ሰው የተጣራ መልስ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ጾም የምለው ከሕክምና ጋር ተያይዞ የሚጠናውን፣ ለሰዓታት ወይም ለቀናት ከምግብ መታቀብን ነው። የእምነት ጾም የራሱ ቦታ አለው፤ የዚህ ጽሑፍ ርዕስ አይደለም። የምጠቅሳቸው ዓመታትም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገሮችን እንለያቸው። ካንሰርን መከላከል አንድ ነገር ነው፤ የያዘን ካንሰር ማከም ሌላ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 ባወጣው ግምገማ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ማስወገድ ለ13 ዓይነት ካንሰሮች ያለንን ተጋላጭነት ይቀንሳል ብሏል። አልኮል ካንሰር እንደሚያመጣም የታወቀ ነው። ስለዚህ «ክብደት ቀንስ፣ መጠጥ ተው» የሚለው ምክር ለጤነኛ ሰው ጥሩ ነው። ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት በጀመረና ክብደቱ እያሽቆለቆለ ባለ ሰው ላይ ግን «ክብደት ቀንስ» የሚለው ያው ምክር አደጋ ሊሆን ይችላል። በየቦታው የምንሰማው ውዥንብር አብዛኛው የሚመነጨው የመጀመሪያውን ምክር ወስዶ ለሁለተኛው ሰው ከመስጠት ነው።

«ካንሰር ስኳር ይበላል» የሚባለው

ይህ አባባል ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1920ዎቹ ኦቶ ቫርቡርግ የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። ጤነኛ ሕዋስ በቂ ኦክስጅን ካገኘ ግሉኮስን እስከ መጨረሻው አቃጥሎ ብዙ ጉልበት ያወጣበታል። የካንሰር ሕዋስ ግን ኦክስጅን እያለለት እንኳ አብዛኛውን ግሉኮስ በግማሽ መንገድ ትቶ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጠዋል። በዚህ መንገድ ከእያንዳንዱ ግሉኮስ የሚያገኘው ጉልበት ትንሽ ነው። ስለዚህ ብዙ ግሉኮስ ይስባል። በጣም በፍጥነት ለሚባዛ ሕዋስ ይህ የሚያዋጣ ነገር አለው፤ ከግሉኮሱ አዳዲስ ሕዋሳትን የሚገነባበት ጥሬ ዕቃም ያገኛል።

ፔት ስካን የሚባለው ምርመራ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ጨረር የሚያወጣ ግሉኮስ መሰል ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጥና፣ ብዙ የሳበው ቦታ በምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል። ከምርመራው በፊት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ምግብ አይበላም። ይህ የሚደረገው ስኳርን ከደም ወደ ጡንቻ የሚያስገባው ኢንሱሊን ዝቅ ብሎ ጡንቻ ንጥረ ነገሩን እንዳይሻማና ምስሉ እንዲጠራ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ትእዛዝ «ጾም ለካንሰር ያስፈልጋል ማለት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። አይደለም፤ ለፎቶው ጥራት ብቻ ነው።

እንግዲህ ካንሰር ስኳር የሚወድ ከሆነ፣ ስኳር ስናቆም ለምን አይራብም? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህችን ነጥብ ነውና።

ምግብ ስናቆም የደም ስኳር ወደ ዜሮ አይወርድም። ሰውነት ይህን አይፈቅድም፤ አንጎል ያለ ስኳር ለአፍታም መቆየት ስለማይችል። መጀመሪያ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ይለቃል። ይህ ክምችት አንድ ቀን ገደማ ካለፈ በኋላ ያልቃል። ከዚያ ጉበት ራሱ ስኳር መሥራት ይጀምራል። ከምን? በዋናነት ከጡንቻ ፕሮቲን፣ በተወሰነ ደረጃም ከስብ ከሚገኝ ግሊሰሮል። ስለዚህ ለቀናት ያልበላ ሰው እንኳ በደሙ ውስጥ ስኳር ይዘዋወራል። ዕጢው ከዚያ ደም ድርሻውን ይወስዳል። ቀድሞ የሚሟሟው የታማሚው ጡንቻ ነው።

በዚያ ላይ ካንሰር በአንድ ነገር ብቻ አይኖርም። ግሉታሚን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍልም ይጠቀማል። ስብ የሚጠቀም አለ፤ ጉበት ከስብ የሚሠራውን ኬቶን የሚጠቀምም አለ። አንዱን ሲከለክሉት ወደ ሌላው የሚዞር አለ። ካንሰር ብለን በአንድ ስም የምንጠራው በመቶ የሚቆጠሩ የተለያዩ በሽታዎችን ነው፤ የምግብ ጠባያቸውም እንደዚያው ይለያያል።

ይህ ማለት ግን ስኳር ምንም ግንኙነት የለውም ማለት አይደለም። ትልቁ ግንኙነት በኢንሱሊን በኩል ነው። ኢንሱሊንና የቅርብ ዘመዱ የሆነው አይጂኤፍ 1 ሕዋሳትን «እደግ፣ ተባዛ» የሚሉ መልእክተኞች ናቸው። በ2018 ተመራማሪዎቹ ሉዊስ ካንትሊ፣ ሲድሃርታ ሙከርጂና ባልደረቦቻቸው ያወጡት የአይጥ ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል። አንድ ዓይነት የካንሰር መድኃኒት ሲሰጥ የደም ስኳር ይጨምራል፤ ቆሽት ኢንሱሊን ያፈሳል፤ ኢንሱሊኑም መድኃኒቱ የዘጋውን የዕድገት መንገድ መልሶ ይከፍተዋል። አይጦቹ ስታርችና ስኳር እጅግ የተቀነሰበት፣ ስብ የበዛበት ኬቶጀኒክ ምግብ ሲሰጣቸው ኢንሱሊኑ ስለወረደ መድኃኒቱ የተሻለ ሠራ። ደስ የሚል ግኝት ነው። በዚያው ጥናት ውስጥ ግን አንድ ዓይነት የደም ካንሰር የያዛቸው አይጦች ኬቶጀኒክ ምግቡን ያለ መድኃኒት ሲበሉ በሽታቸው ፈጠነ። ያው ምግብ፣ ተቃራኒ ውጤት። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ሲያጋራ ያየሁት ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ለማንኛውም የሚያዋጣው ነገር ቀላል ነው። ለስላሳና ጣፋጭ ማብዛት ለማንም አይጠቅምም። ኬሞ የሚወስድ ሰው ከሻዩ ላይ ስኳር ስለጨመረ ግን ካንሰሩን መገበ ማለት አይደለም። በዚህ ምክንያት ጥፋተኝነት የሚሰማቸው ታማሚዎች አሉ፤ ያሳዝነኛል። «አሲዳማ ምግብ ካንሰርን ያሳድጋል፣ አልካላይን ምግብ ያጠፋዋል» የሚባለውንም እዚሁ ልዝጋው። የደም አሲድነት በሳንባና በኩላሊት ተጠብቆ ፒኤች በሚባለው የአሲድነት መለኪያ ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይኖራል። ምግብ ከዚያ አያወጣውም።

ጾም ላይ የተደረገው ምርምር

ረሃብና ዕጢ ያላቸው ግንኙነት አዲስ ጥያቄ አይደለም። በ1914 ፔይተን ራውስ፣ በኋላ በ1966 በሌላ ሥራው ኖቤል የተሸለመው ሐኪም፣ ምግባቸው የተቀነሰባቸው አይጦች ላይ ዕጢ ቀስ ብሎ እንደሚያድግ ጽፎ ነበር።

የዛሬው ወሬ ግን በዋናነት የሚነሳው ከ2008 ነው። በካሊፎርኒያ የሚሠራው ተመራማሪ ቫልተር ሎንጎና ባልደረቦቹ አይጦችን ከ48 እስከ 60 ሰዓት አስርበው ከባድ መጠን ያለው የኬሞ መድኃኒት ሰጧቸው። ሳይጾሙ መድኃኒቱን ከወሰዱት ብዙዎቹ ሞቱ። የጾሙት ግን ከሞላ ጎደል ተረፉ።

ማብራሪያቸው ብልህ ነው። ጤነኛ ሕዋስ ምግብ ሲጠፋ መባዛቱን ያቆምና ጉልበቱን ራሱን ወደ መጠገንና መጠበቅ ያዞራል። ማዕበል ሲመጣ በርና መስኮቱን ዘግቶ እንደሚቀመጥ ቤት ማለት ነው። የካንሰር ሕዋስ ግን «አቁም» የሚለውን ትእዛዝ የሚሰማበት ጆሮው ተበላሽቷል። በረሃብ ውስጥም መባዛቱን ይቀጥላል፤ በሩ እንደተከፈተ ኬሞው ይደርስበታል። ኬሞ ደግሞ በዋናነት የሚመታው የሚባዛን ሕዋስ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ጾም ካንሰርን አይገድልም። የሚገድለው ኬሞው ነው፤ የጾሙ ሥራ ጤነኛውን መሸሸግ ነው። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ፤ «ጾም ካንሰርን ይገድላል» የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት ጥናት እንኳ እንደዚያ አላለም።

አሁን ከአይጥ ወደ ሰው እንምጣ። አይጥ ትንሽ እንስሳ ናት፤ ሰውነቷ ነዳጅ የሚጨርስበት ፍጥነት ከእኛ ጋር አይወዳደርም። ሁለት ቀን የራባት አይጥ ከክብደቷ 20 በመቶ ያህል ልታጣ ትችላለች። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሁለት ቀን 12 ኪሎ አያጣም። ስለዚህ የአይጧን 48 ሰዓት ወስዶ ለሰው 48 ሰዓት ብሎ መተርጎም አይቻልም።

በ2009 የሎንጎ ቡድን በራሳቸው ፈቃድ በኬሞ ዙሪያ የጾሙ 10 ታማሚዎችን ልምድ አወጣ። ድካማቸውና የሆድ ሕመማቸው ቀለል እንዳለላቸው ተናገሩ። ይህ ተስፋ ይሰጣል። ነገር ግን 10 ሰው ናቸው፤ ጾሙን የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ውጤቱን የተናገሩትም ራሳቸው ናቸው። የሚወዳደራቸው ቡድን በሌለበት ከዚህ ብዙ መደምደም አይቻልም።

ከዚያ «ጾም መሰል ምግብ» የሚባለው መጣ። ሙሉ በሙሉ መጾም ለታማሚ ስለሚከብድ፣ ካሎሪውና ፕሮቲኑ በጣም የተቀነሰ፣ ከዕፅዋት የተሠራ ምግብ ለጥቂት ቀናት መብላት ነው። ሰውነት የራበው ያህል እንዲሰማው ይደረጋል። ሎንጎ ይህን ምግብ አሽጎ የሚሸጥ ኩባንያ መሥርቷል። ሳይንሱን ውሸት አያደርገውም፤ ማስታወቂያውን ስናነብ ግን ማወቅ ያለብን ነገር ነው።

በሰው ላይ ከተደረጉት ሁሉ ብዙ ያስተማረኝ የኔዘርላንድስ ጥናት ነው። በ2020 ታትሟል። 131 የጡት ካንሰር ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ከእያንዳንዱ ኬሞ በፊት ለ3 ቀናትና በኬሞው ቀን ጾም መሰሉን ምግብ እንዲበሉ ተነገራቸው። የመጀመሪያው ቀን 1200 ካሎሪ ገደማ፣ የቀሩት ቀናት እያንዳንዳቸው 200 ካሎሪ ገደማ። ሌሎቹ እንደወትሮው በሉ።

ውጤቱ የተደባለቀ ነበር። ዋናው ጥያቄ የኬሞው ጉዳት ይቀንሳል ወይ የሚለው ነበር፤ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልታየም። እርግጥ አንድ ነገር ለጾሙ ይቆጠርለታል፤ እንደወትሮው የሚበሉት የጎንዮሽ ጉዳት የሚያቀል ዴክሳሜታዞን ሲወስዱ የጾሙት በአብዛኛው አልወሰዱም። በምስል ሲታይ በጾሙት ላይ ዕጢው የመቀነስ ዕድሉ ከፍ ብሎ ነበር። በቀዶ ሕክምና ጊዜ የተወሰደው ሥጋ ሲመረመር ግን ካንሰሩ ፈጽሞ የጠፋላቸው ሴቶች ቁጥር በሁለቱም ቡድን ተቀራራቢ ሆነ።

ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሌላ ቁጥር ነው። ከጾም ቡድኑ ምግቡን በሁሉም የኬሞ ዙር ጨርሰው የተከተሉት 20 በመቶ ብቻ ናቸው። ገና በሁለተኛው ዙር ግማሽ ያህሉ ትተውታል። ዋናው ምክንያት ምግቡ ስላስጠላቸው ነው፤ ኬሞው ራሱ ጣዕምን የሚያበላሽ መሆኑ ሳይጨምርበት አይቀርም። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሴቶች ፈቅደው ጥናቱ ውስጥ የገቡ፣ በባለሙያ የሚታገዙና በአቅም የተመረጡ ናቸው። እነሱ ካልቻሉት፣ ቤቱ ብቻውን በስልኩ ቪዲዮ እያየ የሚሞክር ሰው እንዴት ይችለዋል?

ከዚያ በኋላ በ2022 ሚላን ውስጥ በ101 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ለ5 ቀናት የሚቆይ ጾም መሰል ምግብ በተመረጡ ሰዎች ላይ በአብዛኛው ያለ ከባድ ችግር እንደሚቻል፣ በደምና በዕጢ ውስጥ ያለው የሰውነት በሽታ መከላከያም እንደሚነቃቃ አሳይቷል። ዕድሜ ያራዝማል ወይ የሚለውን ለመመለስ ግን አልተዘጋጀም ነበር። በአንጎል ካንሰር በኩል ደግሞ በ2020 የታተመ የጀርመን ጥናት አለ። በሽታው ያገረሸባቸው 50 ሰዎች በድጋሚ ጨረር ሲወስዱ ግማሾቹ ኬቶጀኒክ ምግብና ጾም ተጨመረላቸው። በሽታው ሳይባባስ በቆየበት ጊዜ ልዩነት አልተገኘም።

«ጾም ኖቤል የተሸለመበት ነው» የሚል ክርክርም አለ። ጃፓናዊው ሳይንቲስት ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 የተሸለሙት በኦቶፋጂ፣ ማለትም ሕዋስ ያረጁ ክፍሎቹን እየበላ መልሶ በሚጠቀምበት ሂደት ላይ ነው። ቁልፍ ሥራቸውን የሠሩት በእርሾ ላይ ነው። ጾም ካንሰርን ያድናል አላሉም። እንዲያውም ኦቶፋጂ በካንሰር ላይ ሁለት መልክ አለው። ጤነኛ ሕዋስ ወደ ካንሰር እንዳይለወጥ ሊረዳ ይችላል። ካንሰሩ አንዴ ከተተከለ በኋላ ግን ዕጢው ራሱ ረሃብንና ኬሞን ለማለፍ ይጠቀምበታል። በዚህ ምክንያት ኦቶፋጂን የሚያግዱ መድኃኒቶች በካንሰር ታማሚዎች ላይ የተሞከሩበት ጊዜ አለ።

ረሃቡ መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን ነው?

ከካንሰር ክፉ ጠባዮች አንዱ ሰውነትን ከውስጥ ማክሳቱ ነው። በሕክምና ካኬክሲያ ይባላል። ተራ መራብ አይደለም። ዕጢውና ሰውነት ለዕጢው የሚሰጠው የብግነት ምላሽ ተደምረው ጡንቻን ያቀልጣሉ፤ የምግብ ፍላጎትን ያጠፋሉ። ጤነኛ ሰው ሲራብ ሰውነቱ ይቆጥባል። ካኬክሲያ ያለበት ሰው ግን ያንን የመቆጠብ ችሎታ ያጣል፤ እየበላም ሊከሳ ይችላል። ከካንሰር ሞቶች 20 በመቶ ለሚሆኑት ቀጥተኛ ምክንያቱ ይህ እንደሆነ ይገመታል።

መለኪያው ቀላል ነው። ሳያስቡት በ6 ወር ውስጥ ከክብደት 5 በመቶ በላይ ማጣት የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ለ60 ኪሎ ሰው 3 ኪሎ ማለት ነው። ቀድሞም ቀጭን ለሆነ ሰው 2 በመቶ ራሱ በቂ ነው። ወፍራም የሆነ ሰው ደግሞ አይዘናጋ፤ ከስቡ ስር ጡንቻው አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ሚዛን ይህን አያሳይም። ደረጃ መውጣት ከከበደ፣ ከወንበር ለመነሳት እጅ መደገፍ ከተጀመረ ለሐኪም መናገር ይገባል።

ጡንቻ ለምን ይህን ያህል ያሳስባል? የብዙ ኬሞ መድኃኒቶች መጠን የሚሰላው በቁመትና በክብደት ነው። ጡንቻው ያለቀ ሰው ያንኑ መጠን ሲወስድ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ይበረቱበታል። ጉዳቱ ሲበዛ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ቀጠሮውን ያራዝማል። በሌላ አነጋገር ካንሰሩን ለማዳከም የተጾመው ጾም መድኃኒቱን ሊያዳክም ይችላል። በ2023 የወጣ የአይጥ ጥናት ይህን ግጭት ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ኬቶጀኒክ ምግብ የዕጢውን ዕድገት አዘገየ፤ መክሳቱን ግን አፈጠነ፤ አይጦቹም ቶሎ ሞቱ። ዕጢው አነሰ፣ ባለቤቱ ግን አልተረፈም።

ከዚህ በላይ ጾም በቀጥታ የሚጎዳቸው ሰዎች አሉ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ የስኳር ታማሚ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ሲስፕላቲን የሚባለው ኬሞ ኩላሊትን ስለሚጎዳ ብዙ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ በዚያ ሰሞን ውኃ ሳይጠጡ መጾም ኩላሊትን አሳልፎ መስጠት ነው። በጣም ከስቶ ለቀናት ያልበላ ሰው በድንገት ብዙ ሲመገብ የደሙ ፎስፌትና ፖታስየም ወርዶ ልቡን ሊያውክ ይችላል። የጉሮሮ፣ የጨጓራ ወይም የቆሽት ካንሰር ያለበት ሰው ደግሞ ገና ከመጀመሪያው መብላት የሚቸግረው ነው፤ ለእሱ ጾም የሚባል ነገር መነሳትም የለበትም ብዬ አምናለሁ።

የአውሮፓ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ማኅበር መመሪያም ግልጽ ነው። ምግብ ያነሰው ወይም ሊያንሰው የሚችል የካንሰር ታማሚ ካሎሪ የሚቀንስ አመጋገብ እንዳይከተል ይመክራል። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር በ2022 ባወጣው መመሪያ ደግሞ በሕክምና ወቅት ጾምን ወይም ኬቶጀኒክን ለመምከርም ሆነ ለመቃወም የሚበቃ ማስረጃ የለም ብሏል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነብ የሚወጣው ትርጉም ይህ ነው፦ ክብደቱና ጡንቻው ያልተነካ፣ በጥናት ውስጥ ወይም በሐኪምና በሥነ ምግብ ባለሙያ ክትትል ስር ያለ ሰው ሊሞክረው ይችል ይሆናል። ሌላው አይሞክረው።

በነገራችን ላይ ቀዶ ሕክምና በዚህ በኩል ተቃራኒውን መንገድ ሄዷል። ቀድሞ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀመስ ይታዘዝ ነበር። አሁን ለአብዛኛው ሰው ጠጣር ምግብ ቀዶ ሕክምናው 6 ሰዓት እስኪቀረው፣ እንደ ውኃ ያለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ደግሞ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። በረሃብ የተዳከመ ሰውነት ከቢላዋ በኋላ ቶሎ እንደማያገግም ስለታየ ነው።

ታዲያ ምን ይበላ?

መመሪያው በቁጥር ሲቀመጥ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ25 እስከ 30 ካሎሪ፣ ፕሮቲን ደግሞ ከ1 ግራም በላይ፣ ከተቻለ እስከ 1.5 ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ1500 እስከ 1800 ካሎሪና ከ60 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። ፕሮቲኑ ከእንቁላል፣ ከዓሣ፣ ከዶሮ፣ ከወተት ወይም ከጥራጥሬ ቢመጣ ለውጥ የለውም፤ መምጣቱ ነው ቁም ነገሩ። ከአልጋ ወርዶ መንቀሳቀስም የሕክምናው ክፍል ነው። ፕሮቲን ያለ እንቅስቃሴ ጡንቻ አይሆንም።

ይህን መጻፍ ቀላል ነው። ማቅለሽለሽ፣ የአፍ ቁስልና የጠፋ ጣዕም ላለበት ሰው ግን ሳህን ማየት ራሱ ፈተና ነው። እዚህ ላይ የሚረዳው ሦስቱን ትልልቅ ማዕድ ትቶ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ መቅመስ ነው። ብዙ ሰው ጠዋት ላይ ይሻለዋል፤ ያኔ በደንብ ይብላ። ትኩስ ምግብ ሽታው ካስጠላ ቀዝቀዝ ያለው ይሻላል። ብረት ብረት የሚል ጣዕም ካለ የፕላስቲክ ማንኪያ ያግዛል። አፉ የቆሰለ ሰው ከሚያቃጥልና ከሚኮመጥጥ ነገር ርቆ ለስላሳውን ይምረጥ። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ደግሞ ሲብስ ብቻ የሚዋጥ አይደለም፤ በታዘዘው ሰዓት ይወሰዳል። አላስበላ ያለ ሕመም ወይም ማቅለሽለሽ ካለ ችግሩ የምግብ ሳይሆን የመድኃኒት ነው፤ ሐኪሙ ሊያስተካክለው ይችላል።

ነጭ የደም ሕዋሱ ሲወርድ ጥሬ አትክልትና ፍራፍሬ ጨርሶ የሚከለከልበት ልማድ አለ። ጥናቶች ሲያወዳድሩት ክልከላው ኢንፌክሽን አልቀነሰም፤ የ2022ቱ የአሜሪካ መመሪያም አይመክረውም። በደንብ ማጠብ፣ ሥጋና እንቁላልን አብስሎ መብላት፣ ያልፈላ ወተትን መተው ይበቃል። ሌላው ቀርቶ የመከላከያ ኃይልን የሚያነቃቃ ሕክምና በሚወስዱ የቆዳ ካንሰር ታማሚዎች ላይ በ2021 የወጣ ጥናት ብዙ ፋይበር (በአትክልት፣ በፍራፍሬና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን የማይፈጭ ክፍል) የሚመገቡት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ሱቅ የሚገዛ ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዘ እንክብል ግን በዚያው ጥናት ጥቅም አላሳየም።

ስለ እንክብል ካነሳን፣ «ቫይታሚን ቢጎዳ እንኳ አይገድልም» የሚለውን አልቀበልም። ፊንላንድ ውስጥ በ29,133 አጫሾች ላይ የተደረገና በ1994 የታተመ ጥናት ካሮት ውስጥ የሚገኘውን ቤታ ካሮቲን የያዘ እንክብል ከሳንባ ካንሰር ይጠብቃል ተብሎ ነበር የተጀመረው። የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር 18 በመቶ በለጠ። ካሮትና እንክብሉ አንድ አይደሉም። አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገርም በአይጦች ላይ ቦርቴዞሚብ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ሥራ አግዷል። የተፈጥሮ መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ከሁሉ የከፋው መድኃኒቱን ትቶ በምግብ ብቻ መታከም ነው። በ2018 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ያልተሰራጨ የጡት፣ የፕሮስቴት፣ የሳንባና የአንጀት ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች ተመልክቷል። መደበኛ ሕክምናን ትተው አማራጭ መንገድ ብቻ የመረጡት የመሞት ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ነበር። በቆሽት ካንሰር ላይ ደግሞ በልዩ ምግብ፣ በኢንዛይምና በብዙ እንክብል «ማጽዳት» የሚባል ዘዴ ከኬሞ ጋር ተነጻጽሯል። ታማሚዎቹ ራሳቸው ነበሩ የመረጡት። በኬሞ የታከሙት ግማሾቹ 14 ወር ገደማ ሲቆዩ፣ በምግብ ዘዴው ያሉት ግማሾቹ የቆዩት 4.3 ወር ነው። በቁጥሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ተስፋ የሰጣቸውን አመኑ።

ኪኒን የሚውጡ ታማሚዎች አንድ ነገር በእርግጠኝነት ይጠይቁ፦ «በምግብ ነው ወይስ በባዶ ሆድ?» ይህ ከጾም ክርክር ሁሉ የበለጠ ተጨባጭ ነው። ኬፕሳይታቢን ከምግብ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይዋጣል። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው መደበኛው አቢራቴሮን ግን በባዶ ሆድ ነው፤ ከቅባታማ ምግብ ጋር ከተዋጠ በደም ውስጥ የሚገባው መጠን እስከ 10 እጥፍ ሊያድግ ይችላል። ኒሎቲኒብም ከምግብ ጋር ሲሆን የልብ ምትን በአደገኛ ሁኔታ ሊያዛባ ይችላል። ግሬፕፍሩት የሚባለው ፍሬ ደግሞ የብዙ ኪኒኖችን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርግ ባይነካ ይመረጣል። የሚጾም ሰው ካለም ይህን ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር፤ የመድኃኒቱ ሰዓት የሚወሰነው በዚያ ነው። ሐኪሞችም ባይቆጡ መልካም ነው። የተቆጡት ታማሚ መጾሙን አያቆምም፤ መናገሩን ነው የሚያቆመው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሕክምናው በሚሄድበት ጊዜ ነው። በሽታው ወደ መጨረሻው ሲደርስና ሰውነት መዘጋጋት ሲጀምር ነገሩ ይለወጣል። ያኔ የምግብ ፍላጎት መጥፋት የበሽታው አካሄድ እንጂ የታማሚው እልኸኝነት አይደለም። ካሎሪ መቁጠርም፣ አፍ ላይ ማንኪያ ይዞ መለመንም ዕድሜ አይጨምርም፤ ሊያስመልስ ወይም ሊያንቅ ይችላል። ቤተሰብ ያኔ ሊያደርገው የሚችለው የሚወደውን ነገር በትንሹ ማቅረብ፣ እንቢ ሲል ማንሳት፣ ከንፈሩንና አፉን በየጊዜው ማርጠብ ነው።